ቡናው ውስጥ የቀረው ውሃ

*ጥሬ ቡና ውሃ ሲበዛበት ይሻግታል፤ ሲያንሰው ጣዕሙ ይከስማል። በመካከል ያለውን ጠባብ ልክ የሚጠብቀው ማን ነው? ለድካሙስ የሚከፍለው?*

በኅዳር ማለዳ በጌዴኦ ወይም በሲዳማ ደጋ ወዳለ የእሸት ቡና ማጠቢያ የገባ ሰው፣ ቡናውን ከማየቱ በፊት ሽፋኑን ያያል። ከአጣና የተሠሩ፣ እስከ ወገብ ከፍ ያሉ ረጃጅም አልጋዎች በተዳፋቱ ላይ ተደርድረዋል። ላያቸው በጆንያና በላስቲክ ተከድኗል፤ የላስቲኩ ስርጉድ የሌሊቱን ጤዛ ይዟል። ፀሐይዋ ሞቅ ስትል ሠራተኞቹ፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ጤዛው ቡናው ላይ እንዳይፈስ ላስቲኩን በሁለት ጫፍ ይዘው ወደ ውጭ እያዘነበሉ ይገልጡታል። ከዚያ በኋላ እጅ አያርፍም። ቡናው ይበተናል፣ ይገለባበጣል፤ የተሰበረው፣ የጠቆረውና ተባይ የበሳው እየተለቀመ ይወጣል። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ አናት ስትበሳ ደግሞ ሽፋኑ ተመልሶ ይለብሳል፤ ጥላው ሲረዝም ዳግም ይነሳል፤ ማታ እንደገና ይከደናል።

እንግዳ ሰው የሚገርመው የእኩለ ቀኑ ሽፋን ነው። ቡና ማድረቅ ፀሐይ ላይ ማስጣት ከሆነ፣ ፀሐይዋ በበረታችበት ሰዓት መሸፈኑ ለምንድን ነው? እርጥብ ቡና እንደሚሻግት ሁሉም ሰው ከቤቱ ያውቃል። ቡና ቶሎ በመድረቁ ወይም ከልክ በላይ በመድረቁም እንደሚበላሽ ግን ከሙያው ውጭ ያለ ሰው ብዙም አያስብም። ጥሬ ቡና የተወሰነ ውሃ በውስጡ እንዲቀር ይፈልጋል። ያንን ውሃ በልኩ አስጠብቆ ከገበሬው ጓሮ ወደብ ማድረስ አለመቻላችን ብዙ ጊዜ የዕውቀት ማነስ ተደርጎ ይነገራል፤ መፍትሔውም ሥልጠና ነው ይባላል። የገበያው አሠራር በቅርብ ሲታይ ግን ችግሩ ይበልጥ ያለው ክፍያው ላይ ነው። ቡናውን በልኩ ያደረቀ ሰው ሚዛን ላይ ሲቆም፣ ካላደረቀው ጎረቤቱ ያነሰ ገንዘብ ተቀብሎ ይመለሳል።

## ከእሸት እስከ ጥሬ

ቀይ እሸት ቡና ከክብደቱ 60 በመቶ የሚበልጠው ውሃ ነው። በእርጥብ ዘዴ ሲዘጋጅ ሥጋው ይፈለፈላል፤ የሚያዳልጠው ልባስ በገንዳ ውስጥ ተብላልቶ ይታጠባል፤ ፍሬው ቅሽር የሚባለውን ስስ ገለባ እንደለበሰ አልጋ ላይ ይወጣል። ያን ጊዜም ቢሆን ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። አልጋው ላይ እንደ አየሩ ሁኔታ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይቆያል። በደረቅ ዘዴ ከነሥጋው የሚሰጣው ቡና ጀንፈል እስኪሆን ሦስት ሳምንትና ከዚያ በላይ ሊፈጅ ይችላል። በሁለቱም መንገድ መድረሻው አንድ ነው፤ ከ10 እስከ 12 በመቶ እርጥበት። በኢትዮጵያ የጥሬ ቡና ደረጃ ጣሪያው 11.5 በመቶ ነው። ዓለም አቀፉ የቡና ድርጅት በ2004 እ.ኤ.አ. ባወጣው ውሳኔ አምራች አገሮች እርጥበቱ ከ8 በመቶ ያነሰ ወይም ከ12.5 በመቶ የበለጠ ቡና ወደ ውጭ እንዳይልኩ መክሯል። ውሳኔው ወለል እንዳለው ልብ ይሏል። የላይኛውን ወሰን ብዙ ሰው ይጠቅሳል፤ የታችኛውን የሚያነሳ ጥቂት ነው።

ውሃው ከፍሬው የሚወጣው በሁለት እርምጃ ነው። መጀመሪያ ከላይ ያለው በንፋስና በፀሐይ ይተናል፤ ቀጥሎ የውስጡ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይመጣና የወጣውን ይተካል። ሁለተኛው እርምጃ ከመጀመሪያው ይዘገያል። ፀሐይዋ ስትበረታ የላዩ ቶሎ ይደርቅና ይኮማተራል፣ ቅሽሩ ይሰነጠቃል፣ የውስጡ ውሃ ግን ገና አልወጣም። በላዩ የደረቀ የሚመስለው ፍሬ መጋዘን ገብቶ ከሰነበተ በኋላ የውስጡ እርጥበት ይወጣና ከረጢቱ ውስጥ ወበቅ ይፈጥራል። ከዚህም ሌላ ቡና ዘር ነው፤ ቅሽሩን እንደለበሰ ውስጡ ሕይወት አለው። በዚህ ሥራ የቆዩ ባለሙያዎች የፍሬው ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ እንዳያልፍ የሚጠነቀቁት ለዚህ ነው። ከዚያ በላይ ሲግል ውስጣዊ ሕዋሶቹ ይጎዳሉ፤ ዘይቱና መዓዛው የሚጠበቅበት አጥርም አብሮ ይላላል። የእኩለ ቀኑ ሽፋን ትርጉም ይሄው ነው። የሌሊቱ ሽፋን ምክንያት ደግሞ ከዚህ ይለያል፤ ደርቆ እንደገና የረጠበ ፍሬ ነጭ ነጭ ነጠብጣብ ያወጣል፣ ቀማሽ ፊት ሲቀርብም ያረጀ ጆንያ የሚመስል ጠረን ይሰጣል።

> የእኩለ ቀኑ ሽፋን ፍሬውን ከመጋል፣ የሌሊቱ ሽፋን እንደገና ከመርጠብ ይጠብቀዋል።

## ሲበዛም፣ ሲያንስም

እርጥበቱ ከ12.5 በመቶ ሲያልፍ ሻጋታ የመራቢያ ዕድል ማግኘት ይጀምራል፤ ከፍ ባለ ቁጥርም ዕድሉ ይሰፋል። የሻጋታ ጉዳት ጠረን ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ የጣዕም ጉዳይ ሆኖ በቀረ ነበር። አንዳንዶቹ የሻጋታ ዓይነቶች ግን ኦክራቶክሲን ኤ የተባለ፣ ኩላሊትን የሚጎዳ መርዝ ያመርታሉ። ቡናውን መቁላት ከመርዙ የተወሰነውን ይቀንሳል እንጂ ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። የአውሮፓ ኅብረት በተቆላ ቡና ላይ የሚፈቅደውን መጠን ከጥር 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኪሎ ከ5 ወደ 3 ማይክሮ ግራም ዝቅ አድርጎታል። አውሮፓ ለቡናችን ትልቅ ገበያ ስለሆነ፣ ጅማ ወይም ከፋ ውስጥ በጥቅምት ዝናብ የረጠበ ጀንፈል ጉዳይ አውሮፓ ወደብ ላይ ላለ ላቦራቶሪም ጉዳይ ሆኗል።

የማነሱ ጉዳት ዝም ያለ ስለሆነ ትኩረት አያገኝም። ከ9 በመቶ በታች የወረደ ቡና ይሰባበራል፤ ወደ መቀሸሪያ ሲገባ ጠርዙ ይፈረከሳል፤ የተሰበረው ፍሬ ደግሞ በደረጃ ምደባ ጊዜ እንደ ጉድለት ይቆጠራል። ሰማያዊ ቅይጥ ያለበት አረንጓዴ ቀለሙ ወደ ገረጣ ቢጫ ይሄዳል። ምጣድ ላይ ቶሎ ይጠቁራል፤ ሲቀመስ የአበባውና የሎሚው ሽታ ሄዶ እንደ እንጨት ያለ ጣዕም ይቀራል። በፒፓ የሚያጨሱ ሰዎች ይህን በትምባሆአቸው ያውቁታል። የረጠበ ትምባሆ አልነድ ይላል፣ ምላስ ያቃጥላል፣ በመጨረሻም ይሻግታል፤ ከልኩ አልፎ የደረቀው ደግሞ በአንድ ጊዜ ነዶ መዓዛው ይጠፋል። ስለዚህ ክዳኑ በደንብ በሚገጥም የመስታወት ዕቃ ያስቀምጡታል፣ በጣት እየጨበጡም ልኩን ይፈትሻሉ። ቡናው ላይም የሚያስፈልገው ይኸው ዓይነት ጥንቃቄ ነው፤ መጠኑ ብቻ ከአንድ ዕቃ ወደ ሙሉ መጋዘን ያድጋል።

ስለዚህ «ለማንኛውም በደንብ ይድረቅ፤ ከመሻገት መድረቅ ይሻላል» የሚለው ምክር ግማሽ እውነት ነው። ለጤና ሲታሰብ ትክክል ነው። ይርጋ ጨፌ ወይም ጉጂ ተብሎ በመዓዛው ተለይቶ ለሚሸጥ ቡና ሲታሰብ ግን፣ መዓዛውን ያጣ ቡና ከሌላው በምን ተሽሎ ይሸጣል?

## ጥርስ፣ ጆሮና መሣሪያ

ገበሬው ያለ መለኪያ አልኖረም። ጀንፈሉን በእፍኙ ይዞ ጆሮው አጠገብ ይነቀንቃል፤ ፍሬው ከልባሱ ተላቆ ከተንኳኳ ደርቋል ማለት ነው። ቅሽሩን ልጦ ፍሬውን በጥርሱ ይነክሳል፤ ጥርስ ሰርጎ ከገባ ገና ነው፣ ምልክት ብቻ ከተወ ተቃርቧል፣ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ አልፎበታል። አልጋ ላይ የሚውሉት ሴቶች ደግሞ ቀለሙን ያነባሉ፤ ነጣ ያለው ፍሬ ይጠቁራል፣ ከዚያ ብርሃን የሚያሳልፍ ይመስል ጠራ ብሎ ወደ አረንጓዴ ይመለሳል። ይህ ሁሉ እውነተኛ ዕውቀት ነው። 20 በመቶውን ከ12 በመቶው ያለ ስህተት ይለያል።

የማይለየው 13ቱን ከ11.5ቱ ነው፤ የመጋዘኑ ጣጣ ያለው ደግሞ እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ መሣሪያው ያስፈልጋል፤ መሣሪያውም ቢሆን አያያዝ ይፈልጋል። በእጅ የሚያዘው የእርጥበት መለኪያ ውሃውን በቀጥታ አያየውም፤ የፍሬውን የኤሌክትሪክ ባሕርይ ለክቶ እርጥበቱን ያሰላል። ለጥሬ ቡና የተስተካከለው ለጀንፈል አይሆንም። አሁን ከፀሐይ የተነሳ ትኩስ ቡና ሲሰጠው የተሳሳተ ቁጥር ሊያወጣ ይችላል፤ ጥላ ሥር ቀዝቅዞ መለካት አለበት። መለኪያው ራሱ የሚመሳከርበት የላቦራቶሪ ዘዴ ናሙናውን በ105 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ 16 ሰዓት አቆይቶ የጠፋውን ክብደት መመዘን ነው። ናሙናው ከየት እንደተወሰደም ቁጥሩን ይለውጠዋል። ከጆንያው አፍ የተዘገነ እፍኝ የጆንያውን ሆድ አይመሰክርም፤ በተለይ የሦስት ቀን ልዩነት ያለው ቡና ተደባልቆ ከገባ። አማካዩ 11 በመቶ ሆኖ ግማሹ 9፣ ግማሹ 13 ሊሆን ይችላል። የየቀኑን ለቀማ ለየብቻ ማድረቅ ከመሣሪያው በፊት የሚመጣ ሥራ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

## መጋዘንና ጉዞ

በልኩ ደርቆ መጋዘን የገባ ቡና ጉዳዩ አላለቀም፤ ፍሬው ካለበት አየር ጋር ውሃ ይሰጣጣል፣ ይቀባበላል። አየሩ ሲረጥብ ይጠጣል፤ አየሩ ሲደርቅ ይለቃል። የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት 60 በመቶ ገደማ ሲሆን ቡናው ባለበት ልክ ይረጋል። ስለዚህ ጆንያው መሬት ላይ አይነጠፍም፤ ርብራብ ላይ ይደረደራል። ከግድግዳውም ይርቃል፤ ጣሪያው ይፈተሻል፤ አየር የሚዘዋወርበት መተላለፊያ ይተዋል። ማዳበሪያ የምንለው የላስቲክ ከረጢት ርካሽ ስለሆነ በየቦታው ጥቅም ላይ ይውላል፤ ያልደረቀ ቡና ሲገባበት ግን ወበቁን ይዞ ይቀመጣል። በጆንያ ውስጥ የሚገባው አየር የማያስተላልፍ ከረጢት ደግሞ የተለየ ነገር ነው። የሰጡትን እርጥበት ለወራት ሳይለውጥ ያቆያል፤ ትክክለኛውን ከሰጡት ትክክለኛውን፣ የተበላሸውን ከሰጡት የተበላሸውን። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሚኖሩ ወገኖችም ይህ ይጠቅማል። ከአገር ቤት በሻንጣ የሄደ ጥሬ ቡና በዱባይ ወይም በጅዳ ወበቅ ውስጥ በጨርቅ ከረጢት ከሚቀመጥ፣ ክዳኑ በሚገጥም ማሰሮ ወይም ጠርሙስ ቢቀመጥ ይሻለዋል።

ጉዞው ከመጋዘኑ ይከፋል። ቡናው በአዲስ አበባ ደጋ ቅዝቃዜ ኮንቴይነር ውስጥ ይጫናል፣ በአፋር በረሃ ያልፋል፣ ጅቡቲ ወደብ ላይ የብረት ሣጥኑ በፀሐይ ይግላል። ሲግል ቡናው ውሃ ይለቃል። መርከቡ ክረምት ወደያዘው የሰሜን አውሮፓ ባሕር ሲደርስ ጣሪያው ይቀዘቅዝና ያ ተን ወደ ጠብታነት ተለውጦ ጆንያው ላይ ይንጠባጠባል። የጭነት ሰዎች የኮንቴይነር ዝናብ ይሉታል። ኮንቴይነሩን በካርቶን ወረቀት የሚለብጡት፣ እርጥበት የሚመጥ ከረጢት የሚሰቅሉት ለዚህ ነው። ከ2023 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ በቀይ ባሕር በደረሰው ጥቃት ብዙ መርከቦች አፍሪካን በደቡብ ጫፏ ዞረው ለመጓዝ ተገደዋል፤ ጉዞው ሲረዝም ቡናው በሙቀትና በቅዝቃዜ መካከል የሚመላለስበት ጊዜም አብሮ ይረዝማል። ገና ሲጫን 12.5 በመቶ ላይ የነበረ ቡና ለእንዲህ ያለ መንገድ የሚሆን መጠባበቂያ የለውም።

እርጥበት ጠጥቶ የተወደደ ቡና የለም ወይ ለሚል፣ አለ። በሕንድ የማላባር ዳርቻ የሚዘጋጀው የሞንሱን ቡና ሆን ተብሎ ለዝናባማው ንፋስ ተጋልጦ የሚያብጥ፣ የሚነጣ ቡና ነው። የጥንቱ የመርከብ ጉዞ ለወራት ይፈጥርበት የነበረውን ጣዕም የለመዱ የአውሮፓ ገዢዎች ስለነበሩ ነው አሠራሩ የተያዘው። የዓለም አቀፉ የቡና ድርጅት ውሳኔም እንዲህ ያሉ በግልጽ ተለይተው የሚሸጡ ቡናዎችን ለይቶ ያስቀምጣል። እዚያ ግን ሥራው በቁጥጥር ሥር የሚካሄድ ነው፤ ገዢውም ምን እንደሚገዛ ያውቃል። ጠብቆት የማያውቅ ገዢ ዘንድ የሚደርስ እርጥብ ቡና ከዚህ ጋር አይነጻጸርም።

## «አባቶቻችን መለኪያ ነበራቸው ወይ?»

ቡና አምራች አካባቢ ስለ እርጥበት ሲነሳ ከሽማግሌዎች አፍ የሚሰማ ጥያቄ ነው፤ በቀላሉ የሚታለፍም አይደለም። መሬት ላይ ተሰጥቶ የደረቀ የሐረርና የጅማ ቡና በዓለም ስሙ ሲጠራ ኖሯል። ጀንፈል በቤት ውስጥ ማስቀመጥም ለብዙ ገበሬ የቁጠባ ዘዴ ነው፤ ለልጅ ትምህርት፣ ለሕክምና፣ ለሠርግ በሚያስፈልግ ጊዜ እየተቀነሰ ይሸጣል። የደረቀው ልባስ ፍሬውን ስለሚከላከልለት ጀንፈል ከተቀሸረ ቡና ይልቅ መቆየት ይችላል። በዚህ ሽማግሌዎቹ ትክክል ናቸው።

ልዩነቱ መንገዱ ላይ ነው። በቤታችን ጥሬው ቡና ታጥቦ ወዲያው ምጣድ ላይ ይወጣል፤ ከመታጠቡ እስከ ስኒው አንድ ሰዓት አይሞላም፤ ሻጋታ የሚሆንበት ጊዜ የለም። የሐረር ምሥራቃዊ ደጋም በለቀማ ወቅት ደረቅ አየር አለው። ከፋና ጅማ ግን ዝናብና ለቀማ ይደራረባሉ፤ መሬት ላይ የተሰጣ ቡና ከታች የአፈሩን እርጥበት፣ ከላይ የሰማዩን ይቀበላል። የዛሬው ቡና ደግሞ ከሰብሳቢ ወደ አቅራቢ፣ ከአቅራቢ ወደ ላኪ፣ ከላኪ ወደ ባሕር ማዶ ቆዪ ለወራት ይጓዛል። የአባቶች ዕውቀት ለአባቶች መንገድ በቂ ነበር። መንገዱ ሲረዝም የተጨመረውን ርቀት የሚሸከም ነገር መጨመር አለበት።

## ሚዛኑ የሚቀጣው ማንን ነው?

የንግዱ መስፈሪያ ፈረሱላ፣ 17 ኪሎ ነው። እርጥበቱ 14 በመቶ የሆነ 100 ፈረሱላ ቡና ወደ 11 በመቶ ሲደርቅ 96.6 ፈረሱላ ይሆናል። ከሦስት ፈረሱላ በላይ የሚሆነው ወደ ሰማይ ሄደ ማለት ነው። ያ ውሃ በቡና ዋጋ የሚሸጥ ነበር። በብዙ ቦታ የመጀመሪያው ግዢ በዓይንና በእጅ ግምት፣ በኪሎ ይፈጸማል። እንዲህ ባለ ግዢ ሳምንት ሙሉ ያገላበጠ፣ እኩለ ቀን የሸፈነ፣ ማታ የከደነ ገበሬ የድካሙ ውጤት የቀለለ ሚዛን ነው። ጎረቤቱ ገንዘብ ቸግሮት አራት ቀን ቀድሞ ቢሸጥ የበለጠ ኪሎ ያስመዘግባል። ሰብሳቢውም የእርጥቡን ቡና አደጋ ስለሚያውቅ ለሁሉም የሚከፍለውን ዋጋ ዝቅ አድርጎ ራሱን ይጠብቃል። የጥንቃቄ የለሹን ቅጣት ጥንቁቁም ይካፈላል።

> በልኩ ያደረቀ ገበሬ የድካሙ ውጤት የቀለለ ሚዛን ነው።

ላኪዎች በዚህ ላይ መልስ አላቸው፤ ጥራት በጽዋ ቅምሻ ይከፈላል ይላሉ። የኅብረት ሥራ ማኅበራትም ዓመቱ ሲዘጋ የትርፍ ክፍፍል ይሰጣሉ። ሁለቱም እውነት ነው፤ ሁለቱም ግን ዘግይቶ ይደርሳል፣ የሚደርሰውም በልኩ ያደረቀውን ካላደረቀው ሳይለይ ነው። አልጋው ላይ ያለው ቡና ዛሬ ይነሳ ወይስ ሁለት ቀን ይጨመርለት የሚለውን ውሳኔ የሚወስነው ዛሬ ሚዛኑ ላይ የሚታየው ገንዘብ ነው። የአሥራ ሁለት ሰዓት ሥልጠና ይህን አይረታም።

የሚሻለው ዋጋውን በደረቅ ክብደት ማስላት ነው። 11 በመቶ መነሻ ይሁን፤ ከዚያ በላይ ያለው ውሃ ከኪሎው ይቀነስ፣ ከዚያ በታች የመጣው ይታሰብለት። አሠራሩ አዲስ አይደለም። የአሜሪካ በቆሎ ገበያ ከመነሻው በላይ ያለውን ውሃ ከክብደት የሚቀንስበት የቆየ ልማድ አለው፤ ከመነሻው በታች ለደረቀው ግን በአብዛኛው ጭማሪ አይሰጥም። ቡና ላይ ሁለተኛው ክፍልም ያስፈልጋል፤ ያለበለዚያ ገበሬው ቅጣቱን እንጂ ዋጋውን አያየውም። ጭማሪ ከተሰጠ ሁሉም ከልክ በላይ ያደርቃል የሚል ስጋት ይነሳል፤ ለዚህ ጭማሪውን 10 በመቶ ላይ ማቆም ይበቃል፤ ከዚያ በታች ለሚወርደው የሚታሰብ ነገር የለም። መለኪያው በሰብሳቢው እጅ ካለ ይዋሻል የሚለው ስጋት ደግሞ ከባዱ ነው። ሚዛን ላይ ያየነውን ማጭበርበር መለኪያ ላይ የማናይበት ምክንያት የለም። ስለዚህ መለኪያው በመሠረታዊ ማኅበሩ ደጅ፣ እርጥበቱ ከታወቀ የታሸገ ናሙና ጋር ይቀመጥ፤ ሻጩ ከፈለገ በሱ ያመሳክር። ገበሬው አንድና ሁለት ፈረሱላ ነው የሚያመጣው፣ ለዚያ ስሌት ማን ጊዜ አለው ለሚለውም፣ ንባቡ ከደቂቃ አያልፍም። ስሌቱ በግድግዳ ላይ በሚለጠፍ አንድ ወረቀት ይያዛል፤ 14 በመቶ የሆነ ፈረሱላ 16.4 ኪሎ፣ 13 በመቶ የሆነው 16.6፣ 11 በመቶው 17፣ በ10 በመቶ የመጣው 17.2 ኪሎ ተብሎ ይከፈልበት።